በፒክአፕ ካራቫን መጎተት፦ ከሀዋሳ ለሚነሳ ሰው ከሚዛኑ እስከ ማቆሚያው

"ይጎትታል ወይ?" ነው ሰው ሁሉ መጀመሪያ ሚጠይቀው። ይጎትታል። ሀይሉክስም ዲማክስም ሬንጀርም ኤል 200ም ቱርቦ ናፍታ ከሆነ አንድ ቶን ተኩል ሚሆን ካራቫን ከጥቁር ውሃ እስከ ሞጆ ሳያማርር ይወስዳል። እኔን ሚያሳስበኝ ሻሸመኔ መግቢያ ላይ ባጃጅ ድንገት ፊታችሁ ሲታጠፍ ያ ሁሉ ክብደት ከኋላ እየገፋ መኪናው በሰዓቱ ይቆማል ወይ፣ ሲኖትራክ ሽው ብሎ ሲያልፋችሁስ ካራቫኑ ቀጥ ብሎ ይከተላል ወይ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው ስለ ክብደትና ስለ ፍሬን ነው፣ ስለ ጉልበት ብዙ አላወራም።

ካራቫን ስል ከውጭ የገባውንም እዚሁ በብየዳ የተሰራውንም ነው፣ ፍቅር ሐይቅ ዳር ቡናና በርገር ሚሸጥበትን አይነት ተሳቢ ለምትጎትቱም ነገሩ ያው ነው። ታርጋውን፣ ሶስተኛ ወገን ኢንሹራንሱንና መንጃ ፈቃዳችሁ ተሳቢ ይፈቅድ እንደሆነ ከመግዛታችሁ በፊት ትራንስፖርት ቢሮ ሄዳችሁ ጨርሱት፣ ገዝታችሁ ግቢ ካስገባችሁት በኋላ አይደለም።

1. መጀመሪያ ቁጥሮቹ

ሁለት ቁጥር ያስፈልጋችኋል፣ ማኑዋሉ ላይ አለ፣ የተወሰነው ደግሞ የሹፌሩን በር ስትከፍቱ ምሰሶው ላይ ያለችው ስቲከር ላይ አለ።

አንዱ መኪናው መጎተት ሚችለው ነው። እሱ ራሱ ለሁለት ይከፈላል፣ ፍሬን ላለው ተሳቢና ፍሬን ለሌለው። ሀይሉክስ 2.8 ናፍታ ደብል ጋቢና በብዙ ሀገር 3,500 ኪሎ ተብሎ ነው ሚሸጠው፣ ሰው ይቺን ቁጥር ይዞ ይሮጣል፣ ግን ይሄ ተሳቢው የራሱ ፍሬን ሲኖረው ነው፣ ፍሬን ከሌለው 750 ኪሎ ነው በቃ። 750 ኪሎ ደግሞ ለካራቫን ምንም ማለት አይደለም፣ ባዶውን ሻሲ ከነግድግዳው ስትሰሩት አልቋል። የድሮ ሞዴሎቹ ቁጥራቸው ያነሰ ስለሆነ የጎረቤታችሁን መኪና ቁጥር ሳይሆን የራሳችሁን እዩ።

ሁለተኛው መኪናው ራሱ ጀርባው ላይ መሸከም ሚችለው ነው፣ ብዙ ሰው ሚረሳው ይሄን ነው። ለምሳሌ ደብል ጋቢናው ባዶውን 2,000 ኪሎ ቢሆንና ከነጭነቱ ሚፈቀድለት 3,000 ቢሆን 1,000 ኪሎ አላችሁ። አምስት ሰው ከገባ 350 ሄደ፣ ስፖንዳው ውስጥ ጀነሬተርና ጀሪካን ምናምን 250፣ ካራቫኑ ኳሷ (መኪናው ጀርባ ላይ ያለችው ካራቫኑ ሚያያዝባት ክብ ብረት) ላይ ሚጥለው 140፣ በድምሩ 740። አሁንም ቦታ ያለ ይመስላል አይደል? ግን ያ 140 ኪሎ ያረፈው ከኋላ ጎማ ጀርባ ወደ 1.2 ሜትር ወጥቶ ነው። ሀይሉክስ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ 3 ሜትር ገደማ ስለሆነ ስታሰሉት የኋላው አክስል ወደ 195 ኪሎ ይጨመርበታል፣ የፊቱ ደግሞ ወደ 55 ኪሎ ይቀልለታል። ፊቱ ሲቀል መሪው ይቀላል፣ የፊት ፍሬኑ መንከሱን ይቀንሳል፣ መብራታችሁ ደግሞ ሰማይ ሰማዩን እያየ ከፊት ሚመጣውን ሹፌር ያሳውራል።

እዚህ ጋ "ባሌስትራ ላስጨምር" ሚል አይጠፋም። አስጨምሩ፣ ኋላው ቀና ይላል፣ ግን የሚፈቀደው ክብደት በአንድ ኪሎም አይጨምርም፣ አክስሉ ያው፣ ፍሬኑ ያው፣ ኩሽኔታው ያው ነው። እንደውም መኪናው ቀጥ ብሎ ስለቆመ ከመጠን በላይ መጫናችሁን ሚነግራችሁን ምልክት አጠፋችሁት ማለት ነው። በዚህ ነገር ከብዙ መካኒክ ጋር አልስማማም።

2. መመዘን

በግምት አይሆንም። ዱቄት ፋብሪካም ሆነ የእህል መጋዘን የጭነት መኪና ሚመዝኑበት ሚዛን ያላቸው አሉ፣ ትንሽ ከፍላችሁ ካራቫኑን እንደምትሄዱበት አድርጋችሁ ጭናችሁ፣ ውሃውን ሞልታችሁ፣ ፈትታችሁ ለብቻው መዝኑት። ውሃ አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ነው፣ 100 ሊትር ታንከር ከሞላችሁ አንድ ወፍራም ሰው ካራቫኑ ውስጥ አስቀመጣችሁ ማለት ነው፣ ሀዋሳ ሞልቶ ላንጋኖ ድረስ ከመጎተት ባዶውን ሄዶ እዛ መሙላት ይሻላል።

ቀጥሎ ዋናው ነገር፣ ከዚህ ጽሁፍ አንድ ክፍል ብቻ ምታነቡ ከሆነ ይሄን አንብቡ። ካራቫኑ ኳሷ ላይ ሚጥለው ክብደት ከጠቅላላ ክብደቱ 10 በመቶ ገደማ መሆን አለበት፣ እስከ 15 ድረስ ችግር የለውም መኪናው ከቻለው። 1,400 ኪሎ ካራቫን ከሆነ 140 ኪሎ ማለት ነው። የአውሮፓ ስሪት የሆኑት ከ5 እስከ 7 በመቶ ታስበው ስለሚሰሩ ዘንጋቸው ላይ የተጻፈ ከፍተኛ ቁጥር አላቸው፣ ከዛ እንዳታልፉ፣ የመኪናችሁ መጎተቻም የራሱ ቁጥር አለው፣ ከሁለቱ ያነሰውን ያዙ።

ይሄ ክብደት ሲያንስ ምን ይሆናል? ጋሪ አይታችኋል፣ ጭነቱ ወደ ኋላ ሲበዛ ፈረሱን ከመሬት አንጠልጥሎ ሚያነሳው፣ እንደዛው ካራቫኑም የመኪናችሁን ቂጥ ወደ ላይ እያነሳ ጅራቱን ግራ ቀኝ ማወዛወዝ ይጀምራል፣ በ50 ላይሰማችሁ ይችላል፣ በ90 ግን መሪ ይቀማችኋል።

ለመለካት የቤት ሚዛን ይበቃል። አብዛኛው እስከ 150 ኪሎ ነው ሚመዝነው፣ ስለዚህ ከዛ ሚበልጥ ከመሰላችሁ እንዲህ አድርጉ፦ ወፈር ያለ ጣውላ አምጡ፣ አንዱን ጫፍ ጡብ ላይ ሌላውን ሚዛኑ ላይ አሳርፉት፣ ጡቡና ሚዛኑ እኩል ቁመት ይሁኑ። የካራቫኑን አፍንጫ (ኳሷ ላይ ሚገባውን የፊቱን ጫፍ) ጣውላው ላይ ስታስቀምጡት ከጡቡ 50 ሳንቲም፣ ከሚዛኑ 1 ሜትር እንዲርቅ አድርጉ፣ ሚዛኑ ያሳያችሁን በሶስት አባዙት። 45 ካለ 135 ነው። ጎማው ስር ድንጋይ ጣል አድርጉ፣ አፍንጫው ሲጎተት በሚሆንበት ከፍታ ላይ ሆኖ ነው ሚለካው፣ ዝቅ ካደረጋችሁት ቁጥሩ ይዋሻል።

ካነሰ እቃ ወደ ፊት አምጡ፣ ከበዛ ወደ ኋላ ትንሽ ግፉ፣ ግን ከባድ ከባዱ ሁሌም አክስሉ ላይና ከሱ ትንሽ ፊት፣ ወለሉ ላይ፣ ግራና ቀኝ ተመጣጥኖ ይሁን። ስኮርታ ጎማውን፣ ሳይክሉንና ጀነሬተሩን ሁሉ ከኋላ በኩል ሚያንጠለጥሉ ሰዎች አሉ፣ ሲያዩት ያምራል፣ ሲነዱት ግን ከላይ ያልኩት የጋሪ ነገር ይመጣል።

3. ኳሱና ማያያዣው

ኳስ ሁሉ አንድ አይደለም። 50 ሚሊሜትር አለ፣ 47.6 ሚሊሜትር ሚሆነው የአሜሪካኖቹ ትንሿ አለች፣ በአይን አይለዩም። 50ውን ሚነክስ የካራቫን አፍ ትንሿ ኳስ ላይ ይገባል፣ ይቆለፋልም፣ ከዛ ጉድጓድ ሲመታ ወልቆ ይሄዳል። ኳሱ አናት ላይ መጠኑ ይጻፋል፣ የካራቫኑ አፍ ላይም ይጻፋል፣ ሁለቱን አንብባችሁ አስተያዩ።

መጎተቻው ሻሲው ላይ በቡሎን መታሰር አለበት። መከላከያ ላይ የተበየደ መጎተቻ ለካራቫን አይሆንም፣ በቃ አይሆንም።

ስታያይዙ አፉ ኳሷን ውጦ ከተቆለፈ በኋላ ፒኑን አስገቡ፣ ከዛ በካራቫኑ ክሪክ አፍንጫውን ወደ ላይ አንሱት፣ የመኪናው ቂጥ አብሮ ከተነሳ ይዟል፣ ካልተነሳ አልያዘም። ሰንሰለቶቹን ከስር አቆራርጣችሁ እሰሩ፣ የግራው ወደ ቀኝ የቀኙ ወደ ግራ፣ ድንገት ከኳሱ ቢወልቅ አፍንጫው አስፋልት ከመምታቱ በፊት ሰንሰለቱ ላይ ያርፋል። ርዝመቱ ለመታጠፍ ሚበቃ ይሁን እንጂ መሬት አይንካ። በመጨረሻ ራቅ ብላችሁ ከጎን እዩት፣ ካራቫኑ ከመሬት ጋር ትክክል ወይ አፍንጫው በትንሹ ዝቅ ያለ መሆን አለበት፣ አፍንጫው ሽቅብ ካለ የኳሱን ከፍታ ቀይሩ።

4. ፍሬን

ሁለት አይነት ነው ምታገኙት። አንዱ በግፊት ሚሰራው ነው፣ መኪናችሁ ፍሬን ሲይዝ ካራቫኑ ወደ ፊት ሲገፋ አፍንጫው ወደ ውስጥ ገብቶ ካቦውን ይስብና የራሱን ፍሬን ያስይዛል። ቀላልና አስተማማኝ ነው፣ ግን ረጅም ቁልቁለት ላይ ሁሌ እየገፋ ስለሆነ ሳታውቁት የፍሬን ሸራው ይግላል፣ የድሮዎቹ ደግሞ ወደ ኋላ ስትሄዱም ይይዛሉ፣ መዝጊያዋን ቁልፍ ካልገለበጣችሁ አትንቀሳቀሱም። ሁለተኛው በኤሌክትሪክ ሚሰራው ነው፣ ጋቢና ውስጥ መቆጣጠሪያ ይገጠምለታል። እሱን ለማስተካከል ባዶ ሜዳ መንገድ ላይ በ40 እየነዳችሁ የመኪናውን ፍሬን ሳትነኩ የካራቫኑን ብቻ በእጅ ያዙ፣ ወደ ኋላ ሲጎትታችሁ ሊሰማችሁ ይገባል፣ ጎማው ከተቆለፈና ካጮኸ ግን ቀንሱት።

በሁለቱም ላይ ካራቫኑ ከተገነጠለ ራሱን ሚያስቆም ቀጭን ካቦ አለ፣ እሱን መኪናው ላይ እሰሩት፣ ሰንሰለቱ ላይ ወይ ኳሱ ላይ አይደለም፣ እነሱ ከወለቁ አብሮ ይወልቃላ።

በብየዳ ቤት ካራቫን ምታሰሩ ከሆነ ፍሬን ያለው አክስል ገዝታችሁ አምጡና "በዚህ ላይ ስሩልኝ" በሉ። ቀለሙና መጋረጃው ይደርሳል።

5. መብራት

የአውሮፓውን ባለ 7 ሶኬት ካገኛችሁ ውስጡ ቁጥር አለው፦ 1 ቢጫ የግራ ፍሬቻ፣ 2 ሰማያዊ የኋላ ጭጋግ መብራት፣ 3 ነጭ ኔጌቲቭ፣ 4 አረንጓዴ የቀኝ ፍሬቻ፣ 5 ቡኒ የቀኝ ፓርኪንግ፣ 6 ቀይ የፍሬን መብራት፣ 7 ጥቁር የግራ ፓርኪንግ። የአሜሪካ ካራቫን ከሆነ አሰራሩ ሌላ ነው፣ በዚህ እንዳትቀጥሉት። ፍሬን ስትይዙ ፍሬቻው አብሮ ብልጭ ካለ ወይ ሁሉም ከደበዘዘ አምፖል አትቀይሩ፣ ነጩን ሽቦ ፈልጉ፣ ብዙ ጊዜ ዝጎ ነው።

6. ጎማና ኩሽኔታ

የካራቫን ጎማ በማለቅ ሳይሆን በማርጀት ነው ሚሞተው፣ ብዙ አይነዳማ፣ ቆሞ ፀሀይ ይበላዋል። ጎኑ ላይ መጨረሻ ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች እዩ፣ 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሰራ ነው፣ በፈረንጅ። ከአምስት ስድስት አመት ካለፈ ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ቀይሩት። ሚሸከመውም ተጽፏል፣ 91 ካለ 615 ኪሎ፣ 100 ካለ 800 ኪሎ ነው ለአንድ ጎማ። 1,400 ኪሎ በሁለት ጎማ ላይ ባለ 91 ማለት ጎማዎቹ ከሚችሉት በላይ መጫን ነው፣ 100 ይሁን።

ነፋሱን ጠዋት ሳይሞቅ ሙሉት። ከዛ እያንዳንዱን ጎማ በክሪክ አንስታችሁ አዙሩት፣ ሚፈጭ ድምጽ ካለ ወይ ከላይና ከታች ይዛችሁ ስትነቀንቁት ከተጫወተ ኩሽኔታው አልቋል። በዓመት አንዴ አስፈትታችሁ አሳጥባችሁ አዲስ ግራሶ ይሞላ። የካራቫኑ ጎማ ከመኪናችሁ ጋር ስለማይመሳሰል ስኮርታውና የዳዶ መፍቻው ለብቻው ያስፈልጋል፣ ይቺ ቡልቡላ ጋ ስትቆሙ ነው ምትታወሰው።

7. መንዳት

ከመነሳታችሁ በፊት አንዴ ዙሩት፦ ክሪኩ ተነስቷል፣ ድጋፍ እግሮቹ ተሰብስበዋል፣ የጋዝ ሲሊንደሩ ተዘግቷል፣ በሩና መስኮቱ ተቆልፏል፣ የእጅ ፍሬኑ ተለቋል። ስፖኪዮው የካራቫኑን ጎን ብቻ እያሳየ ከኋላ ያለውን መንገድ ካላሳያችሁ ማራዘሚያ ግጠሙለት።

ሀዋሳ ከተማ ውስጥ ትልቁ ችግር ባጃጅ ነው። ካራቫን ስትታጠፉ የመኪናችሁን ጎማ መንገድ አይከተልም፣ ወደ ውስጥ ይቆርጣል፣ ስለዚህ ቀኝ ለመታጠፍ መጀመሪያ ወደ ፊት ረዘም አድርጋችሁ ሄዳችሁ ነው ምትጠመዝዙት። እሷን ክፍተት ያየ ባጃጅ ደግሞ ይገባባታል፣ ምንም ጥርጥር የለውም ይገባል። ፍሬቻ ቀድማችሁ አብሩ፣ የቀኙን ስፖኪዮ እስክትጨርሱ ድረስ አትልቀቁ።

ሻሸመኔ 25 ኪሎ ሜትር ናት፣ እዛ ስትደርሱ ቆማችሁ የካራቫኑን ጎማ መሀሉን በእጅ ጠጋ ብላችሁ ሞክሩት፣ ሞቅ ማለቱ ልክ ነው፣ እጅ ሚያቃጥል ከሆነና አንዱ ከሌላው ከተለየ ወይ ኩሽኔታው ነው ወይ ፍሬኑ አልለቀቀም። አዲስ የተፈታ ጎማ ካለ ከ80 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ በኋላ ዳዶዎቹን እንደገና አጥብቁ፣ ከሀዋሳ ስትነሱ ይሄ ላንጋኖ አካባቢ ይመጣል።

ፍጥነት 80፣ በቃ። ባቱን ስታልፉ ፈጣን መንገዱ ሰፊና ልስልስ ነው፣ እግር ይከብዳል፣ ግን ከ80 ወደ 100 ስትወጡ ፍሬኑ ማጥፋት ያለበት ኃይል ከግማሽ በላይ ነው ሚጨምረው። ከፊት ካለው መኪና አምስት ስድስት ሰከንድ ራቁ፣ ክፍተቱ ውስጥ ሰው ይገባል፣ ይግባ፣ እንደገና ራቁ። ስፒድ ብሬከር ላይ የመኪናችሁ የኋላ ጎማ አልፎ የካራቫኑ እስኪያልፍ ድረስ ነዳጅ አትስጡ።

ማታ አትንዱ። መንገድ ላይ የተበላሸ መኪና ቅጠልና ድንጋይ ብቻ አስቀምጦ ሚያድርበት ሀገር ላይ ካራቫን ይዞ ድንገት መሪ መጠምዘዝ አይቻልም።

ዳገት ላይ ሀዋሳ ራሷ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ቱርቦ የሌለው ሞተር ገና ከቤት ሲነሳ ከጉልበቱ 15 በመቶ ያህሉን አጥቷል። ማርሽ ቀድማችሁ ቀንሱ፣ የሙቀት ጌጁን እዩ፣ ሲወጣ ኤሲ አጥፉና ዳር ያዙ፣ ከኋላ የተሰለፈውንም አሳልፉት።

ቁልቁለት ነው ሰው ሚፈትነው። ከወላይታ ሶዶ ወደ አርባ ምንጭ ስትሄዱ ከ2,000 ሜትር ገደማ ወደ 1,300 ገደማ ነው ምትወርዱት። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት፣ ገና አናቱ ላይ እያላችሁ፣ ወደ ሶስተኛ ወይ ሁለተኛ ግቡ፣ በማርሽ ተይዛችሁ ውረዱ፣ አውቶማቲክም ቢሆን ዲ ላይ አትተዉት። ፍሬኑን ጠንከር አድርጋችሁ ይዛችሁ ፍጥነቱ ሲወርድ ልቀቁት፣ ትንሽ እንዲቀዘቅዝ። እየሳቡ መውረድ ሸራውን ያቃጥለዋል፣ የሸራ ሽታ ከሸተታችሁ ቁሙና 20 ደቂቃ ሻይ ጠጡ፣ ውሃ ግን እንዳትደፉበት። በፍሪ መውረድ ሚባለውን ነገር አላወራም፣ እሱን ሚያደርግ ሰው ካራቫን አይጎትት።

ንፋስ ሌላ ነው። ሜዳማው ስምጥ ሸለቆ ከሰዓት በኋላ ይነፍሳል፣ ወደ አዳማ ለምትሄዱ ደግሞ ከተማዋ ዙሪያ ያሉት የንፋስ ተርባይኖች ለጌጥ አልተተከሉም። ረጅም መንገድ ጠዋት ጀምሩ።

ካራቫኑ መወዛወዝ ከጀመረ፦ ነዳጁን ቀስ ብላችሁ ልቀቁ፣ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፣ ልታስተካክሉ ግራ ቀኝ አትበሉ፣ የመኪናውን ፍሬን አትርገጡ፣ ነዳጅም አትጨምሩ። ፍሬን ከረገጣችሁ ካራቫኑ ከኋላ ገፍቶ መኪናውን ያጥፈዋል። የኤሌክትሪክ መቆጣጠሪያ ካላችሁ የካራቫኑን ፍሬን ብቻ በእጅ ያዙት፣ ወዲያው ቀጥ ያደርገዋል። ሲረጋጋ ቁሙና ጭነቱን አስተካክሉ፣ "አለፈ" ብላችሁ አትቀጥሉ፣ ምክንያቱ አልጠፋም።

8. ወደ ኋላ መሄድ

እጃችሁን መሪው ታች ላይ አድርጉ፣ 6 ሰዓት ቦታ ላይ። ካራቫኑ ቂጡ ወደ ግራ እንዲሄድ ከፈለጋችሁ እጃችሁን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ከሆነ ወደ ቀኝ፣ አለቀ፣ ማሰብ የለም። ትንሽ ትንሽ ብቻ አዙሩ፣ መታጠፍ ሲጀምር ወዲያው መልሱት፣ አጭር ካራቫን ከረጅሙ ይልቅ ቶሎ ነው ሚታጠፈው። ከታጠፈባችሁ አትታገሉት፣ ወደ ፊት ወጥታችሁ አስተካክላችሁ እንደገና ግቡ። ከውጭ ሆኖ ሚያይ አንድ ሰው ይበቃል፣ "ና ና ና" ሚሉ አራት ሰዎች ከሆኑ ሶስቱን ላኳቸው።

9. ስትደርሱ

ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ። መጀመሪያ የካራቫኑ ጎማዎች ስር በፊትም በኋላም ታኮ ወይ ድንጋይ፣ ከዛ የእጅ ፍሬን፣ ከዛ ክሪኩን አውርዶ ክብደቱን ማሳረፍ፣ ከዛ ሶኬቱና የመገንጠያ ካቦው፣ ከዛ አፉን ከኳሷ ማላቀቅ፣ ሰንሰለቱ መጨረሻ። ላንጋኖ ዳር አሸዋ ላይ ክሪኩ ስር ጣውላ ካላደረጋችሁ ሌሊት ይሰምጣል። ማእዘን ላይ ያሉት ድጋፍ እግሮች እንዳይወዛወዝ መያዣ እንጂ ማንሻ አይደሉም፣ በነሱ ካራቫን ያነሳ ሰው ወለሉን ያጣምማል።

ለወራት ምታቆሙት ከሆነ ጎማዎቹን ከፀሀይ ሸፍኑ፣ ባትሪውን ንቀሉ፣ የእጅ ፍሬኑን ግን ስባችሁ አትተዉት፣ በክረምት ሸራው ከበሮው ላይ ይጣበቅና በመስከረም ስትጎትቱት ጎማው አልዞርም ይላል፣ ታኮ ብቻ ይበቃዋል።